የሁሩሙ ቀይ ጨርቅ

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ኋላ አንባቢ መንገዱን ሁሉ ገደል ብቻ አድርጎ እንዳይረዳው። መንገዱ እንደማንኛውም መንገድ ነው፤ ገደሉን የማበዛው እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሱቅና የፀጉር ቤት ሰሌዳ እየሳልኩ ነው የምኖረው፤ መሰላል ላይ ስወጣ እንኳ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ ብቻዋን ኢሉባቦር ደርሳ የተመለሰችው።

የላኩኝ ጋሼ ኃይሉ ናቸው። ብሩሽ አያያዝ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ ነው። ሐኪሙ «ባለዎት ብርሃን ይጠቀሙበት» ብሎ አሰናብቷቸዋል። አሁን የሚያዩት እኩለ ቀን ላይ፣ መስኮት ሥር ሲቀመጡ ብቻ ነው። ሸራቸው ላይ የእናታቸው ምስል አለ፤ ፊቱ አልቋል፣ ቀሚሱም አልቋል፣ እጆቹ ብቻ ባዶ ናቸው። እናታቸው የኢሉባቦሯ ሁሩሙ ሴት ነበሩ፤ እጃቸው ከእንሶስላ ቀለም ተለይቶ አያውቅም ነበር። ሥሩን ወቅጠው ለሙሽሮች እጅና እግር ማቅለሚያ ይሰጡ ነበር፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ሥዕል ለሚሞክረው ልጃቸው በጨርቅ ያስቀምጡለት ነበር።

ያንን ቀይ ጋሼ ኃይሉ ከሱቅ ቱቦ ሊያወጡት አልቻሉም። «ይሄ የቲማቲም ነው፤ ይሄ የእሳት አደጋ መኪና ነው» እያሉ ስንቱን ጣሉት። በእኛም ገበያ እንሶስላ ይሸጣል፤ ግን ደርቆና ተሟጥጦ ስለሚመጣ ቡናማ ነው የሚሰጠው። ሁሩሙ ውስጥ ከእናታቸው ጋር ቀለሙን ይሠሩ የነበሩ አዴ ጫልቱ የሚባሉ አሮጊት በሕይወት መኖራቸውን ከሰው ሰሙ። «ዓይኔ ሳይዘጋ የእናቴን እጅ ልጨርስላት» አሉኝ። እንዲህ ያለ ልመና እምቢ አይባልም።

ሰኞ

ሰኞ ጠዋት ስነሳ ሰማዩ ጠርቶ፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ጋሼ ኃይሉ በራፋቸው ላይ ቆመው ሸኙኝ። «ከጨለመብኝ እደውልልሻለሁ፤ ያኔ በከንቱ አትድከሚ፣ ተመለሺ» አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው እንዲህ ያሉት። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የገዛ ስልኬን መፍራት ጀመርኩ።

አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ጥሩ እራት ሠርታ ጠበቀችኝ፤ በጉርሻው መሀል ግን «ብቻሽን? እዚያ ድረስ? መንገዱ ሰላም ነው አሉሽ?» እያለች ምግቡን ጉሮሮዬ ላይ አስቀረችው።

ማክሰኞ

ወደ ጅማ። የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ ዓይኔን ጨፍኜ የፊቴን ወንበር ጨብጬ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት አይተውኝ፣ «ሾፌሩ ይክፈት እንጂ አንቺ ብትጨፍኚ ምን ቸገረን» አሉ። መኪናው ሁሉ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔን ግን አልገለጥኩም።

ጅማ ያደርኩበት ቤት በሩ መቀርቀሪያ አልነበረውም። ወንበሩን ደገፍኩበት፣ በወንበሩ ላይ ሻንጣዬን፣ በሻንጣው ላይ ጫማዬን ደረደርኩ። ጠዋት የቤቱ ባለቤት ሻይ ይዘው በሩን ሲገፉ ያ ሁሉ ግንብ በላያቸው ተናደ። ሻዩ ተደፋ። «ማንን ልትከለክይ ነው?» ብለው ተቆጡኝና ሌላ ሻይ ከትኩስ ዳቦ ጋር አመጡልኝ።

ረቡዕ

ከበደሌ በኋላ ዛፍ መጣ። እኛ አገር ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ በመስመር ይተከላል፣ ሲደርስ ይቆረጣል፤ በመሀሉ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ይታያል። እዚህ ግን ደኑ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ መጥቶ ቆሟል። ከላዩ ጉም ወርዶበታል። ደብረ ብርሃን ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ፈክቶ ነበር የተውኩት፤ እዚህ ዝናቡ መስከረም ማለቁን የነገረው ያለ አይመስልም። መኪናው በጉሙ ውስጥ መብራት አብርቶ ሲሄድ ከፊታችን ምን እንዳለ አይታየኝም፤ «ሾፌሩስ ምን ይታየዋል?» እያልኩ ጸሎት አበዛሁ። ስልኬ አንዴ ጮኸ። ቸኩዬ ሳየው ከቴሌ የመጣ መልእክት ነበር።

መቱ ስንገባ እትዬ አልማዝ ጃንጥላ ይዘው መናኸሪያው በር ላይ ቆመዋል። የጋሼ ኃይሉ የሩቅ ዘመድ ናቸው፤ በስልክ ካልሆነ በአካል ተያይተው አያውቁም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከመንገዱ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፍተው ብቻቸውን ይኖራሉ። የመጀመሪያ ቃላቸው «ጫማሽን እዚያው አውልቂ» የሚል ነበር። በመቱ ቀይ ጭቃ ላይ እንደ እሳቸው ያለ ንጹሕ ቤት ማየት ያስደንቃል፤ ሲሚንቶው ፊት ያሳያል። በሞቀ ውሃ እግሬን አጠቡኝ። ቀጥለውም የቀሚሴን ጫፍ ያዙና ጭቃውን አዩት።

«እናቴ እንግዳን በጭቃ አትሸኝም ነበር» አሉ። «የሌላ ሰው ቤት ገብተሽ ሲያዩሽ፣ አልማዝ ቤት ነበረች ወይ ነው የሚሉት። እኔም አልሸኝም።»

ደክሞኝ ስለነበር እሺ ብዬ አለፍኩት። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡልኝ። የእኛን ድንች መስሎኝ በትልቁ ጎረስኩ፤ ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፣ እሳቸው ደግሞ የናፍቆት እንባ መስሏቸው ጀርባዬን አሹልኝ።

ሐሙስ

ሁሩሙ የገበያ ቀን ነበር። ሚኒባሱ በሰው፣ በዶሮና በማር ቆርቆሮ ተጠቅጥቆ ደረሰ። የአዴ ጫልቱ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በቡና ዛፎች መሀል በሚያልፍ የእግር መንገድ ነው። መንገዱ ጨለምለም ያለና የሚያንሸራትት ነው። ከላይ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ቅርንጫፉ ተንቋቋና ጮህኩ። ጩኸቴን ሰምተው ነው አዴ ጫልቱ ከቤት የወጡት።

«ኮቱ፣ ታኢ» አሉኝ፣ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ቀጥለውም ክንዴን ይዘው «ሂን ሶዳቲን፣ ሂን ሶዳቲን» አሉ። ይህችን ቃል በዚያ ጉዞ ደጋግሜ ስለሰማኋት መቼም አልረሳትም፤ አትፍሪ ማለት ናት።

ስለ ጋሼ ኃይሉ ዓይን ነገርኳቸው፤ አማርኛ ይችላሉ። «ያ ትንሹ? ያ ግድግዳዬን በከሰል ያበላሸው?» ብለው ሳቁና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ከቤቱ በታች ወዳለው ጅረት ወሰዱኝ። እንሶስላው በውሃው ዳር ነጭ አበባ አውጥቶ ቆሟል። እኔ አልቅት ይኖራል ብዬ ከውሃው ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር የማዳምጠው።

«አበባው እያለ ሥሩ አይነካም፤ ገና ውሃ ነው፣ ቀለም የለውም» አሉኝ። «አበባው ሲረግፍ ትቆፍሪያለሽ፣ ታጥቢያለሽ፣ ትልጪያለሽ፤ ከዚያ ሙቀጫ ነው። ሲወቀጥ መጀመሪያ ነጭ ነው፤ ቆየት ሲል ይቀላል። የሎሚ ውሃ ጠብ ታደርጊበታለሽ።»

«ከዚያ በጠርሙስ ነው የምታስቀምጡት?»

«በጠርሙስ?» ደነገጡ። «በዚህ ዝናብ? ይሻግታል። ዱቄት ብታደርጊውም እርጥበት ይገባዋል። ጨርቅ ነው እንጂ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌ የጥጥ ሸማ ይቀደዳል። በቀለሙ ውስጥ ይነከራል፣ ጭስና ፀሐይ በማይደርስበት ጥላ ይሰቀላል፤ ሲደርቅ እንደገና ይነከራል። እንደ ቆዳ እስኪደርቅና ዳሩ እስኪጠቁር ድረስ እንዲሁ ይደጋገማል። ከዚያ በደረቀ የኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ቅል ውስጥ ይገባና የቅሉ አፍ በሰም ይታሸጋል። መሳል የፈለገ ሰው ከጨርቁ የጥፍር ያህል ቆርጦ፣ ሙጫና ማር ባለበት ጥቂት ውሃ ይነክራል። ቀለሙ ከጨርቁ ወደ ውሃው ይወጣል። እኔ በቆርቆሮ የተሸጠ ቀለም ብቻ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ቀለም እንደ ልብስ ተጣጥፎ እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር።

ዝናቡ ስለበረታ እሳቸው ጋ አደርኩ። ከመተኛታችን በፊት ከጣራው ሥር አንዲት ቅል አወረዱ። «አንድ ነው የቀረው። የአምናው ነው። አዲሱ እስኪደርስ ወራት አለ፤ እኔ ደግሞ ልድረስ አልድረስ አላውቅም።» ሰሙን በቢላ ላጡ፣ ከጨርቁ ጫፍ ቆርጠው ሲኒ ውስጥ ነከሩልኝ። ወረቀቴ ላይ ጠብ አደረግሁት። ቀይ ነው፤ ግን ከሥሩ ቡናማ ያለበት፣ የሰው ገላ ያለፈበት የሚመስል ቀይ ነው። ጋሼ ኃይሉ ስንት ቱቦ የጣሉት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ዓርብ

ቅሏን በጉያዬ ይዤ ስመለስ ሚኒባሱ ከአንድ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግማሽ ጎኑ ቦይ ገባ። ሰው ሁሉ በመስኮትም በበርም ወረደ። እኔ ጭቃው ላይ በጉልበቴ ወደቅሁ፤ ከሥሬ ቅሏ ስትሰነጠቅ ሰማሁ። ጨርቁ እንዳይረጥብ አውጥቼ በቀሚሴ ሥር ደበቅሁት፤ ስንጥቋን ቅል እዚያው ተውኳት። ወንዶቹ መኪናውን በትከሻቸው ሲያወጡ አንዲት የማላውቃት ሴት ነጠላዋን ገልጣ ከዝናቡ አስጠለለችኝ። እሷ ራሷ ግን እየበሰበሰች ነበር።

መቱ ስደርስ ራሴን አላውቅም ነበር። ቅል የለኝ፣ ሻንጣዬ ረጥቦ ቀለሙን የሞከርኩበት ወረቀት ላሽቋል፤ ይሰረቃል ብዬ ፈራሁ፣ አይጥ ይበላዋል ብዬ ፈራሁ። ማንም እጁን የማያስገባበት ቦታ ፈለግሁ። ጨርቁን ጠቅልዬ በዚያ በጭቃ በተለወሰው ቀሚሴ ደረቅ ወገን ውስጥ ሸጎጥኩት፤ ቀሚሱንም ላስቲክ ላይ አድርጌ አልጋዬ ሥር ገፋሁት። ለእትዬ አልማዝ ስለ ጉዞው ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቀለሙ ጨርቅ መሆኑንና የት እንዳስቀመጥኩት ግን ለሳቸውም አልነገርኩም።

ቅዳሜ

ድካሙ ጥሎኝ ረፈደብኝ። ስነቃ ፀሐይ ወጥቷል። እትዬ አልማዝ ደስ ብሏቸው ገቡ፤ ቀሚሴ ታጥቦ፣ በከሰል ካውያ ተተኩሶ፣ ክንዳቸው ላይ ተጣጥፏል። ከላዩ አንዲት ሐመር ሮዝ ጨርቅ አለች። እሷም ተተኩሳለች።

«ልብስሽን አደረስኩልሽ» አሉ። «ይህቺ ጨርቅሽ ግን ጉድ ናት። ቀይ ጭቃዋ ከግራሶው ጋር አልለቅ ብሎ ጠዋቱን ሙሉ ስታገላት ነበር። ሳሙና አልበቃት ብሎ በአመድ አሸኋት። የቱ መኪና ነው ግራሶውን ያስነካሽ?»

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ከአፌ የወጣው «እትዬ» የሚል ብቻ ነው። ፊቴን አይተው ገባቸው። ጨርቁን እንደገና ተመለከቱት፣ ከዚያ ደጅ ሮጠው የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ አዩ። ሳፋው ባዶ ነው፤ ውሃውን ጎመኑ ላይ ደፍተውታል። በሩ ላይ እንደቆሙ ማልቀስ ጀመሩ፤ እኔም አለቀስኩ።

በዚያው መሀል ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ኃይሉ ነበሩ። አነሣሁት።

«ጋሼ፣ ጨለመብዎት?»

«አይ፣ ደህና ነኝ። ዝናብ አለ እንዴ እዚያ?»

«አሁን እንደገና ጀምሯል።»

«እስቲ ስልኩን ወደ ላይ አድርጊው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ልስማው።»

ስልኩን ወደ ጣራው ይዤ ቆምኩ። የሆነውን ልነግራቸው አልደፈርኩም። ስልኩን ከፍ አድርጌ ሳለሁ ዓይኔ እትዬ አልማዝ ፊታቸውን በሚጠርጉበት እጅ ላይ ወደቀ። መዳፋቸው ቀልቷል። ጣቶቻቸው እስከ አንጓው ቀልተዋል፤ ጥፍራቸው ሥር ደግሞ ጠቆር ብሏል። ጠዋቱን ሙሉ ሲያሹት የዋሉት ቀለም እጃቸው ላይ ነበር።

ጋሼ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ቀለሙን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፤ ብርቱካን ሆኖ ወጣ። ጥላ ውስጥ ሳነሳው ደግሞ ጥቁር ሆነ። ያለኝን የውሃ ቀለም ሁሉ ደባልቄ ላስመስለው ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ይህን ሁሉ ያዩት እትዬ አልማዝ ተነሡና የሱቃቸውን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጡ።

«ያጠፋው እጄ ነው፤ እጄ ይሂድ» አሉኝ። «ከቤቴ የወጣ እንግዳ ጎዶሎ ይዞ አይሄድም።»

እሑድ

እንሶስላ በውሃ አይለቅም ይባላል። ግን አመድና ሳሙና በበዛበት እጅ ላይ ይህን ማን ይሞክራል? እትዬ አልማዝ፣ እኚያ በቀን ስንት ጊዜ የሚታጠቡ ሴትዮ፣ ሁለት እጃቸውን በፌስታል አሥረው መኪና ገቡ። ተሳፋሪው ያየናል። እኔ ደግሞ በየደቂቃው ፌስታሉን አሾልኬ እያየሁ የደበዘዘ ይመስለኛል።

ከበደሌ ወዲህ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ወጣት ፌስታሉን አየ።

«እናት፣ ምንድን ነው እሱ? ይፍቱት።»

ፈቱት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። «ምንድን ነው ይሄ? ደም ነው?»

እትዬ አልማዝ በኦሮምኛም በአማርኛም እንሶስላ ነው አሉት፤ እሱ ግን ሴት እጅ ላይ እንሶስላ አይቶ የሚያውቅ ልጅ አይመስልም። ጄሪካን አንሥቶ መጣ። «ይታጠቡ እስቲ። ደም ካልሆነ እናየዋለን።»

እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፤ ጊቤን ስወርድ ዓይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ በመሀላቸው የገባሁት። «በፍጹም አይታጠቡም!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ያልኩትን ሰማሁ፤ እንዲህ ብሎ የሚጮኽ ወንጀለኛ ብቻ ነው። ልጁም ጄሪካኑን አስቀምጦ መሣሪያውን አስተካከለ። ያኔ ሴቶቹን የምትፈትሸው ወጣት መጣች። የእትዬ አልማዝን እጅ ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ጥፍራቸውን አገላብጣ አየች።

«ለማን ሠርግ ነው?» አለቻቸው።

«ለራሴ» አሉ እትዬ አልማዝ።

ሳቋን ለቀቀችው፤ ተሳፋሪውም ተከተላት። ልጁ ግን እስክንሄድ ድረስ አልሳቀም። እኔ ጅማ እስክንደርስ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር።

ያችው መቀርቀሪያ የሌላት ቤት ገባን። ባለቤቷ «ዛሬስ በምን ልትዘጊው ነው?» አሉኝ። እራት ቀረበ። እትዬ አልማዝ ሳይታጠቡ መብላት አይሆንላቸውም፤ መታጠብ ደግሞ አልተቻለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጉርሻ እስከ መጨረሻው እኔ አጎረስኳቸው። «ልጆቼን ያጎረስኩት ሁሉ ዛሬ ተመለሰልኝ» አሉ። በሩን በምንም አልዘጋሁትም፤ መርሳቴ ጠዋት ነው ትዝ ያለኝ።

ሰኞና ማክሰኞ

የጊቤን ዳገት በተከፈተ ዓይን ወጣሁ። ይህ ድፍረት አይደለም፤ ዓይኔ ፌስታሉ ላይ ስለነበር ገደሉን ሳላየው አለፈኝ። አዲስ አበባ አድረን ማክሰኞ ደብረ ብርሃን ስንደርስ እኩለ ቀን ሊሆን ነበር። እትዬ አልማዝ ከመኪና ወርደው ያንን ብርድ ሲቀምሱ «ሰው እዚህ ይኖራል?» አሉኝ።

ጋሼ ኃይሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ሸራው ፊታቸው ነው። ስንገባ ፊታቸውን ወደ እኛ አላዞሩም፣ ወደ ድምፃችን ነው ያዞሩት።

«ጋሼ፣ ጨርቁ ታጥቧል» አልኩኝ። ሌላ አባባል አላገኘሁለትም።

«ማነው ያጠበው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ አልማዝ፣ ፌስታሉን ፈተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉላቸው።

ጋሼ ኃይሉ እጆቹን ያዙ። ወደ ብርሃኑ አቀረቧቸው፣ ፊታቸው ሊነካቸው ትንሽ እስኪቀር ድረስ። «ጥፍሩ ሥር ይጠቁር ነበር» አሉ ለራሳቸው። «አዎ። እንዲህ ይጠቁር ነበር።» ከዚያ ቀለም እንዳቀርብላቸው ጠየቁኝ። እኔ ቱቦውን እያነበብኩ እሰጣለሁ፣ እሳቸው ይደባልቃሉ። እየደባለቁም በብሩሹ ጫፍ ከእትዬ አልማዝ ቀኝ መዳፍ ላይ ነጥብ ያሳርፋሉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፣ በጨርቅ ያስለቅቃሉ፣ ደግመው ይደባልቃሉ። የመስኮቱ ብርሃን ከጉልበታቸው ላይ እየራቀ ሲሄድ እያየሁ እጨነቅ ነበር። እትዬ አልማዝ እጃቸውን ዘርግተው ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጠዋል።

አንድ ጊዜ ነጥብ አሳርፈው እስኪደርቅ ጠበቁ። ከዚያ መዳፉን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የኔ ነጥብ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

በቃ ጨለመባቸው፣ የመጣንበት ሁሉ ባከነ አልኩ። ጣታቸውን ይዤ ላሳያቸው ጎንበስ አልኩ። መዳፉን ወደ ብርሃን አዞርኩ፣ ወደ ጥላ አዞርኩ፣ በጥፍሬ ጫር ጫር አደረግሁት።

«እኔም አጣሁት፣ ጋሼ።»

ከዚያ እትዬ አልማዝ ቀስ ብለው፣ «እንግዲህ ልታጠብ?» አሉ።

ጋሼ ኃይሉ ብሩሻቸውን ነክረው ወደ ሸራው ዞሩ። «ትንሽ ይታገሡኝ» አሉ፣ «ቀኙን አገኘሁት፤ ግራው ይቀራል።»